ሰው የለኝም ያለችው ማናዬ

ማናዬ መተማ ካለችው መንደሯ ከሽንፋ ልትነሣ ስትሰናዳ የመጨረሻ ሥራዋ የአውሮፕላን ቲኬቷን በመቀስ መቁረጥ ነበር። ሁሉንም አይደለም፤ የልጇ የእየሩስ ስልክ ቁጥር የታተመበትን ጥግ ብቻ ለይታ አነሣችው። ቁራጩን ምድጃ ውስጥ ጣለችና አመድ እስኪሆን ቆማ አየችው። ከዚያ የእጅ ስልኳን አወጣችና በውስጡ የነበረውን ስምና ቁጥር ሁሉ አጠፋች።

ወረቀቱን ገንዳ ውኃ ከተማ ድረስ ሄዶ አሳትሞ ያመጣላት የእህቷ ልጅ ወንድማገኝ አጠገቧ ቆሞ ራሱን ያዘ።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይህ እኮ ካናዳ የሚያደርስዎ ወረቀት ነው!»

«ካናዳ የሚያደርሰኝ አውሮፕላኑ ነው። ቁጥሩን እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለሌላ ለማንም አይረባም» አለችው።

ወንድማገኝ ብዙ አልተከራከራትም። እሱም የዚያው አገር ሰው ነው፤ ለምን እንደቆረጠችው ያውቃል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገርላት። ማናዬ ፈሪ ሆና አልተፈጠረችም። ወላጆቿ ከደጋ ወርደው ቆላውን መንጥረው ካቀኑት ሰዎች ናቸው፤ እሷም ወባውን፣ እባቡንና ያን አናት የሚበሳ ፀሐይ እየቀለደችበት ነው ያደገችው። ገና በኮረዳነቷ በጭነት መኪና ተሳፍራ መተማ ዮሐንስ ትወርድና ያችን አጭር ድልድይ በእግሯ ተሻግራ ከሱዳኖቹ ገላባት ትገባ ነበር። ሳሙናና የፕላስቲክ ሳህን ገዝታ በዚያው ቀን ትመለሳለች፤ ዕቃውን ለሰሊጥ አጨዳ ከየደጋው ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ትሸጠዋለች። ዐረብኛውንም የለመደችው እዚያው ገበያ መሃል በዋጋ ስትነታረክ ነው። የገላባት ነጋዴዎች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት «መጣች አክሳሪያችን» እያሉ ይሣሣቁ ነበር። ድልድዩ ላይ የቆመው ዘብ «እንዴት አደርሽ?» ይላታል እንጂ ወረቀት ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ለማናዬ ማለፍ ማለት ይኸው ነበር፤ ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ።

ባሏ ባየልኝ የትራክተር ሾፌር ነበር። ሞተሩ ጫካ መሃል ቢቆምበት እንኳ ተበሳጭቶ እንደመሳደብ፣ ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ከትራክተሩ ጋር የሚያወራ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። የወለዱት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እየሩስ። እየሩስ ዕድሜዋ ሲደርስ ያንኑ ድልድይ ተሻግራ ካርቱም ገባች፤ ሰው ቤት ሠራች፤ ኋላም ዕድል ቀንቷት ካናዳ ደረሰች። «የባየልኝ ልጅ ካናዳ ናት» ተባለ በሽንፋ። መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ወሬ ነበር። እየቆየ ግን ሰው እያገተ ገንዘብ የሚጠይቅ በዛና በዚያ አገር ውጭ አገር ልጅ አለው መባል የሚያስፈራ ነገር ሆነ።

አንድ ጥቅምት፣ ሰሊጡ ሊታጨድ ሲል፣ ባየልኝ ትራክተሩን ይዞ ወደ እርሻ ሲወርድ የታጠቁ ሰዎች ከጫካ ወጥተው አስቆሙት። አብሮት ከበለሳ ለአጨዳ የመጣ ቢሆነኝ የሚባል የቀን ሠራተኛ ተጭኖ ነበር። ሁለቱንም ይዘዋቸው ገቡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቢሆነኝ ፊቱ አብጦ በባዶ እግሩ ሽንፋ ደረሰ። ባየልኝ ግን የለም። ያን ዕለት ቢሆነኝ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጦ የነገራትን ማናዬ ቃል በቃል ይዛዋለች።

«መጀመሪያ መታወቂያችነን ወሰዱ። ቀጥለው አንድ ቦታ አስቀመጡን። ውኃ ሰጡን፤ ብስኩትም ሰጡን። ኋላ አንድ አንደበቱ የለዘበ፣ ደግ የሚመስል ሰው መጣ። ‹አይዟችሁ፣ ማንም አይነካችሁም፤ ቤተሰቦቻችሁ እንዳይጨነቁ ደውለን ደኅና ናቸው እንበላቸው› አለን። እኔ ሰው የለኝም አልሁ። ገረፉኝ፤ ሰው የለኝም አልሁ። ሲሰለቻቸው ለቀቁኝ። ጋሽ ባየልኝ ግን ያን ሰውዬ አመኑት።»

ባየልኝ የእየሩስን ቁጥር ሰጠ። ዕድሜ ልኩን ሰው አምኖ የኖረ ሰው ምን ያድርግ! ካናዳ ተደወለ። «አባትሽ እኛ ዘንድ ነው» አሏት። እየሩስ ያላትን ላከች። ደግመው ደወሉ፤ ተበድራ ላከች። «እባካችሁ ድምፁን አሰሙኝ» ብላ አልቅሳ ለመነቻቸው፤ አላሰሟትም። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ባየልኝ አልተመለሰም። የሚቀበር ሬሳ እንኳ አልተገኘም።

ማናዬ ከዚያ ወዲህ የተማረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው የሌለው ይለቀቃል። የእየሩስ ቁጥር ከአፏ እንዳይወጣ በባየልኝ ስም ማለች። እየሩስም ብትሆን ከዚያ በኋላ የማታውቀው ቁጥር ሲደወልላት አጋቾቹ ይመስሏታል፤ ስለዚህ እናትየው ከወንድማገኝ ስልክ ካልሆነ በቀር አትደውልላትም። እናትና ልጅ በሁለት ዓለም ተቀምጠው አንድ ዓይነት ፍርሃት ይፈራሉ።

ታዲያ ምን አስነሣት ትሉኝ ይሆናል። እየሩስ አርግዛለች። የልጁ አባት ወሬውን ሲሰማ እብስ ብሏል። ሐኪሞቹ በቀዶ ሕክምና ነው የምትወልጂው ብለው ቀን ቆርጠውላታል፤ አጠገቧ የሚቆም ዘመድ ግን የላትም። አንድ እሑድ በስልክ፣ «እማዬ፣ እንዳደነዘዙኝ ሳልነቃ ብቀር ልጄን ማን ያነሣዋል?» አለቻት። ማናዬ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ቪዛ ተጠየቀ፤ ተከለከለ፤ እንደገና ተጠየቀ፤ በስንት ምልጃ ተፈቀደ። እየሩስ እጇ ስላጠራት ቲኬቱን ከሁለት የተለያዩ አየር መንገዶች ቆራርጣ በርካሽ ገዛችው።

ወንድማገኝ በደንብ ሊያስረዳት ሞክሯል። «እትዬ፣ መሃል ላይ ሌላ አገር አለ። እዚያ ይወርዱና ሌላ አውሮፕላን ይሳፈራሉ። ትራንዚት ይሉታል። አንዳንዱ አገር ለማለፍ ብቻ እንኳ ቪዛ ይጠይቃል። ይህኛው ግን የካናዳ ቪዛ ያለውን ሰው፣ በዚያው ቀን የሚቀጥልበት ቲኬት ከያዘ፣ ሳይጠይቅ ያሳልፋል።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ልቀመጥ ነው እንዴ? ላልፍ ነው!»

ልቧ ውስጥ የነበረው የገላባት ድልድይ ነው። በዚያው ቀን የሚቀጥልበት ቲኬት ከያዘ የሚለውን ጆሮዋ ዘለለው።

ከሽንፋ እስከ ጎንደር ያለውን መንገድ እንዴት እንዳለፈችው እግዜር ያውቃል። ወንድማገኝ ከጎኗ ተቀምጧል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አይተነፍስም። አንዱ ስልኩን ካልሲው ውስጥ ከትቷል፤ ሌላዋ የወርቅ ጉትቻዋን አውልቃ ዳቦ ውስጥ ወሽቃዋለች። ጫካው ጥቅጥቅ ሲል ሾፌሩ ሙዚቃውን ይዘጋል። መንገድ ዳር ሰው ሲታይ የሁሉም አንገት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከብት ጠባቂ መሆኑ ሲለይ እንደገና ይወጣል። ማናዬ ፓስፖርቷን በጨርቅ ጠቅልላ ከመቀነቷ ሥር አስራዋለች። ቢያስቆሟቸው የምትለውን በልቧ ትደጋግማለች። ጠበል ልጠመቅ ነው። ሰው የለኝም። ሰው የለኝም። ጎንደር ሲደርሱ ወንድማገኝ ደግፎ አወረዳት።

ቦሌ ላይ ወንድማገኝ እስከሚፈቀድለት ድረስ ሸኛት። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ሁለቱንም ቲኬት አየች፤ ቪዛውን አየች፤ ጥጉ የተቆረጠውን ወረቀት አገላብጣ ፈገግ አለችና አሳለፈቻት። «እትዬ፣ እንግዲህ ከዚህ ወዲያ የሚያስፈራ የለም» አላት ወንድማገኝ ጉልበቷን እየሳመ። እውነት መስሎት ነው።

አውሮፕላኑ ለመነሣት ዘገየ። ሰዉ ሁሉ ቀበቶውን አስሮ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል፤ ማናዬ ግን መዘግየቱ ምንም አልመሰላት። የጭነት መኪና ስትጠብቅ ከጧት እስከ ማታ ገንዳ ውኃ ተቀምጣ የምታውቅ ሴት ናት። የዘገየ መኪና ቆይቶ ይሄዳል እንጂ አገር ያስለቅቃል እንዴ? አየር ላይ ሲወጡ ግን ዓይኗን ጨፍና ባየልኝን ጠራችው። መሬት እስኪነኩ ድረስ የመቀመጫውን ክንድ አልለቀቀችም።

ሲወርዱ ረፋድ ሆኗል። ከሰዉ ጋር አብራ ፈሰሰች። ሰዉ እየተከፋፈለ፣ እየሳሳ፣ በመጨረሻ ብቻዋን አንድ ረጅም ባንኮኒ ፊት ደረሰች። ከባንኮኒው ጀርባ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰውዬ ነበር። ወረቀቷን ተቀበላት፤ የኮምፒውተሩን መስኮት አየ፤ ሰዓቱን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። የሆነ ነገር ተናገራት። አልገባትም። ደገመላት። ማናዬ ለባዕድ የምትናገረው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ የገላባትን ዐረብኛ።

«ማ ዐንዲ ዞል» አለችው። ሰው የለኝም ማለት ነው። ማንም ሳይጠይቃት!

ሰውዬው ቅንድቡን አነሣ። ከዚያ ፓስፖርቷን ይዞ ተነሣና በጀርባው በር ገባ።

ማናዬ የቢሆነኝን ቃል አስታወሰች። መጀመሪያ መታወቂያችነን ወሰዱ።

አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ሴት መጣችና ክንዷን ይዛ ግድግዳ ዳር ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ አስቀመጠቻት። ሌሎችም ተቀምጠዋል፤ አንድ ራሱን በሁለት እጁ የያዘ ጎልማሳ፣ አንዲት ልጅ ያቀፈች ሴት። ማንም አያወራም። ልክ እንደዚያ ሚኒባስ። ቀጥለው አንድ ቦታ አስቀመጡን።

ዩኒፎርም የለበሰችው ሴት ተመለሰች። በአንድ እጇ የታሸገ ውኃ ይዛለች። በሌላው እጇ ብስኩት።

ማናዬ ብስኩቱን ስታይ ላብ አጠመቃት። አልቀበልም ብላ እጇን ሰበሰበች። ብስኩቱ ጭኗ ላይ ተቀመጠ፤ አልነካችውም። ሰው በውኃና በብስኩት ይህን ያህል ሲርድ ያየ ሁሉ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። ባሏን በውኃና በብስኩት የወሰዱባት ሴት ናት። አሁን የቀረው አንደበቱ የለዘበው ሰው ብቻ ነው አለች በልቧ። ይመጣል። ቋንቋዬን ያውቃል፤ አይዞሽ ይለኛል።

መጣ። ሰውዬው ሳይሆን ሴት ናት፤ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች፣ ሻሽ ያሠረች፣ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ ጠይም ሴት። ባለመነጽሩ ወደ ማናዬ ጠቆማት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ በለስላሳ የሱዳን ዐረብኛ፣ «ማ ትኻፊ፣ ያ ኻላ» አለች። አትፍሪ፣ አክስቴ።

ማናዬ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጠፈች።

«ስሜ ከውሰር ይባላል» አለች ሴትዮዋ። «አይዞሽ፣ ማንም አይነካሽም። አውሮፕላንሽ ስለዘገየ ሁለተኛው ጥሎሽ ሄዷል። በዚህ አገር ያለ ቪዛ ማለፍ የሚቻለው የሚቀጥልበት ቲኬት ለያዘ ሰው ነው። ያንቺ ቲኬት አሁን አይሠራም፤ ስለዚህ አላፊ ነሽ ሊሉሽ አልቻሉም። ወደ አገሩ እንድትገቢ ደግሞ ቪዛ የለሽም። ማታ የሚሄድ አውሮፕላን ላይ ቦታ አለ፤ ግን መለወጥ የሚችለው ቲኬቱን የገዛው ሰው ነው። ማን ገዛልሽ? ያንቺ ስልክ እዚህ አይሠራም፤ ቁጥሩን ስጪኝና ልደውልለት።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ማናዬ የሰማችው የመጨረሻውን ነው። ቁጥሩን ስጪኝ።

«ሰው የለኝም» አለች።

«ካናዳ ማን ይቀበልሻል ታዲያ?»

«ሰው የለኝም።»

ከውሰር ለባለመነጽሩ አስተረጎመች። እሱ ወረቀቱን አነሣ፤ የተቆረጠውን ጥግ በጣቱ ዳሰሰ፤ ፊቱ ተቀየረ። ከውሰር ወደ ማናዬ ዞረች። «ይህን ማን ቆረጠው እያለ ነው። ሰው ከሌለሽ ደግሞ ቪዛውን እንዴት አገኘሽ ይላል። ኻላ፣ ነገሩ እየከፋ ነው። እባክሽ አንድ ሰው ንገሪኝ።»

ልመናዋ እውነተኛ ይመስላል። ያም ሰውዬ ለባየልኝ እውነተኛ መስሎት ነበር። ማናዬ ጥርሷን ነከሰች። ገረፉኝ፤ ሰው የለኝም አልሁ። እሷም እስኪገርፏት ትጠብቅ ነበር።

ማንም አልገረፋት። ባለመነጽሩ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ማኅተም መታበት፤ ለከውሰር በአጭሩ ነገራትና ወደ ሌላው መንገደኛ ዞረ። ከውሰር ትከሻዋ ወረደ።

«በቃ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውሮፕላን ይመልሱሻል» አለቻት።

ለቀቁኝ! ማናዬ መጀመሪያ የተሰማት ይህ ነው። ረዘም ያለ ትንፋሽ ተነፈሰች። ሰው የለኝም ብላ ዳነች፤ እየሩስን ሳትነካ ዳነች። ቢሆነኝ እውነቱን ነበር። ውኃውን እንኳ ከፍታ ጠጣች። ውኃው ጉሮሮዋን ወርዶ ሳያልቅ ግን ሌላው ነገር ቀስ ብሎ ደረሰባት። አዲስ አበባ። ከዚያ ጎንደር። ከዚያ ያ ጫካ። እየሩስስ? እየሩስ ያኔ ካናዳ ላይ ሆስፒታል ገብታ በሩን በሩን ታያለች።

«ይመልሱሻል ማለትሽ ካናዳ አልሄድም ማለት ነው?» አለች ማናዬ።

«እንደዚያ ነው፣ ኻላ።»

«ከነገ ወዲያ እኮ ልጄን በቢላ ሊቀዷት ነው!»

ከአፏ አመለጣት። ማናዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ የወጣው ቃል ግን አይመለስም። ልጄን ብላለች። ሰው እንዳላት ነገረቻቸው። አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ልቅሶ ቤት እየተወዛወዘች አለቀሰች። ልጅ ያቀፈችው ሴት ወንበሯን ሸሸት አደረገች።

ከውሰር ግን አልሸሸችም። እፊቷ ቁጢጥ አለችና ጠየቀቻት።

«አገርሽ ወዴት ነው?»

«ሽንፋ። መተማ።»

«መተማ» አለች ከውሰር፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔ የወድ መደኒ ልጅ ነኝ። ጦርነቱ ሲነሣ በገላባት ወጥተን በእናንተ መተማ በኩል ነው ያለፍነው። ዛሬ እዚህ ባሌ ዘንድ ደርሼም ያን ጫካ አልረሳሁትም። ወንድሜን እዚያ ወስደውብን ነበር። ደግ የሚመስል ሰው ነው የደወለልን።»

ማናዬ እንባዋን መጥረግ ረስታ አየቻት።

ከውሰር ከኪሷ ስልኳን አወጣች። ከፈተችው። ከዚያ ያደረገችውን ማናዬ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ማናዬ ጭን ላይ፣ ከብስኩቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ቁጥሩን አትንገሪኝ። ራስሽ ደውይ። እኔ አላይም። ስትጨርሺ ቁጥሩን ታጠፊዋለሽ» አለች። ተነሥታም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ትልቅ ሴት፣ እንደተቀጣ ተማሪ፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ቆመች። የሚያልፈው ሁሉ ዞሮ ያያታል። ማናዬ ስልኩን አየች፤ የሴትዮዋን ጀርባ አየች። ቢሆነኝ ካወራላት ሁሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። አጋች ስልኩን ለያዘው ሰው ሰጥቶ ፊቱን አያዞርም። ቢሆንስ? ተንኮሉ ከዚህም የረቀቀ ቢሆንስ? ባየልኝ ሆይ፣ አንተ ብትሆን ትሰጥ ነበር፤ ሰጥተህም ሞትህ። እኔ ደግሞ ብከለክል ልጅህ ብቻዋን ልትሞት ነው።

ቁጥሩን በቃሏ የያዘችው እንደ ዜማ ነው፤ በልቧ እያዜመች አንድ በአንድ ነካችው። ጠራ። ጠራ። ተነሣ።

ድምፅ የለም። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«እየሩስ» አለች ማናዬ።

«እማዬ?» የልጅቱ ድምፅ ሲጢጥ አለ። «እማዬ! በሕይወት አለሽ? ነክተውሻል?»

«አልነኩኝም፣ ልጄ። ደኅና ነኝ።»

«ስንት ጠየቁ?»

ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ዝምታ፣ የተቆረጠውን ቲኬት፣ ቁጥሩ የጠፋበትን ስልክ፣ ማናዬ ሁሉን ያደረገችው ልጇ ይህን ቃል ዳግመኛ እንዳትናገር ነበር። እሷ ሳትናገር ልጅቱ ራሷ ተናገረችው።

«ምንም አልጠየቁም። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ሌላኛው ጥሎኝ ሄዶ ነው። ቲኬቱን የገዛው ሰው ለማታው ይለውጠው ብለው ነው።»

«እንደዚያ በይ ብለውሽ ነው!» እየሩስ ማልቀስ ጀመረች። «አጠገብሽ ቆመዋል? አዎ ብቻ በይኝ። የምትችይውን በይኝ፣ እማዬ።»

«አንዲት ሴት አለች። ስልኩ የእሷ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች።»

«ፊቷን አዙራ? ለምን?»

«ቁጥርሽን እንዳታይብኝ።»

በዚያ በኩል ልቅሶው ቆመ። ከዚያ እየሩስ እንደ ሕፃን፣ ነገሩ በእውነት ግራ እንደገባው ሰው ጠየቀች።

«ምንም ካልጠየቁ ለምን አስደወሉሽ ታዲያ?»

«ወዳንች ሊሰዱኝ» አለች ማናዬ። «አንች ዘንድ ሊሰዱኝ ነው፣ ልጄ።»

ቲኬቱ ሳይውል ሳያድር ተለወጠ። ባለመነጽሩ የቅድሙን ወረቀት ቀድዶ ፓስፖርቷን መለሰላት፤ ያቺን ጥጓ የተቆረጠ ቲኬት ግን ለራሱ አስቀራት፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልነገራት። ከውሰር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጣ እስከ አውሮፕላኑ በር ካልገፋሁሽ አለቻት። ማናዬ እግር አለኝ ብላ ተቆጣች፤ ኋላ ግን ተቀመጠችላት። ፓስፖርቷን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ፍርሃት በአንድ ቀን የሚለቅ ነገር አይደለም።

በሩ ላይ ሲደርሱ ከውሰር ስልኳን አወጣች።

«ኻላ፣ ቁጥሩን ሳናጠፋው ረሳን። እነሆ፣ አንቺው አጥፊው።»

ማናዬ ስልኩን ተቀበለች። ቁጥሩ እዚያው ፊቷ ላይ አለ። ጣቷ ወደ ቁጥሩ ሄዶ መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ስልኩን መልሳ በከውሰር መዳፍ ውስጥ አደረገችና ጣቶቿን አንድ ባንድ አጠፈችላት።

«ተይው፣ ይቀመጥ» አለች። «ስሟን እየሩስ ብለሽ ጻፊው።»